ጽሑፋችንን ማን ያነብልናል?

(በደብረ ማርቆስ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ ትምህርታቸው ጥራት ምን ይላሉ?» የሚል ነው። በቁጥር የተደገፈ ጥናት ይዤ አልቀረብሁም። ያለኝ በሥራ ቦታና በሻይ ቤት ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር ስጨዋወት የሰማሁት፣ እኔም በተማሪነቴ ያየሁት ነው። እዚህ ከተቀመጥነው አያሌዎቻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ውለን ቅዳሜና እሑድ ደብተር የያዝን ነንና ጉዳዩ የራሳችን ነው።

ከ50 ዓመት በፊት አንድ የጎጃም ልጅ ሁለተኛ ዲግሪ ቢመኝ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ እንኳ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የከፈተው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ከቤታችን ደጃፍ ደርሷል። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥር ካለ ባሕር ማዶ ሄዶ የተማረ አባት ይጠይቅ።

ተማሪዎቹን «ምን ጐደላችሁ?» ብትሏቸው በመጀመሪያ የሚነግሯችሁ ሁላችንም የምናውቀውን ነው። መሣሪያው ተሰብሮ ጠጋኝ አጥቷል፤ መጽሐፉ አርጅቷል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ትምህርት ተቋርጧል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጨዋታው ሲረዝም ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሡት ሌላ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም «የጻፍሁትን ያነበበልኝ የለም» የሚል ነው።

ይህን ቅሬታ ከራሴ ታሪክ አውቀዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ ርእሴ በኖራ ስለሚጠነክር ጥቁር አፈር ነበር። ዋልካ የምንለው አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና በላዩ የተነጠፈውን መንገድ ከሥር ይዞት ይነሣል። ስለዚህ የአፈሩ የመሸከም ዐቅም በሲ.ቢ.አር. ሲፈተሽ ናሙናው 4 ቀን በውኃ ተዘፍዝፎ ይቈያል፤ የክረምታችንን ዝናብ በ4 ቀን አሳጥሮ ማየት ማለት ነው። እኔ ግን ሠንጠረዡን ስገለብጥ ካልተዘፈዘፈው ናሙና ያገኘሁትን ቍጥር «የተዘፈዘፈ» በሚለው ዐምድ ሥር አሰፈርሁት። ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ ደረቅ ሳለ ደኅና የሚሸከም ዋልካ ውኃ ሲጠግብ አብዛኛውን ዐቅሙን ያጣልና። አማካሪዬ ፈረሙ። ፈታኞቼ የገጽ ቍጥር አቀማመጥና የሥርዐተ ነጥብ ግድፈት ነቅሰው ጥሩ ውጤት ሰጡኝ። ቤተ ሰቤም በግ አረደ።

ከ3 ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ለአንድ የገጠር መንገድ የገረጋንቲውን ውፍረት ለማስላት ጽሑፌን ተዋሰኝ። ማታ ደወለና «ጋሼ፣ ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ እንዴት በረታ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ቅጂዬን አውጥቼ ሳየው ላብ አጠመቀኝ። ጽሑፌን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበረ። ሳይጠይቀኝ አስልቶበት ቢሆን መንገዱ አንድ ክረምት አይሻገርም ነበር።

ዲማና ዋሸራን ለምታውቁ ለእናንተ የቅኔ ቤትን ሥርዐት መንገር አያሻም። የቅኔ ተማሪ ቍራሹን ለምኖ እየበላ፣ ጫካ ገብቶ ቅኔውን ቈጥሮ ይመለሳል፤ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይናገራል፤ የሰዋስው ስሕተት ወይም የምሥጢር ጉድለት ቢገኝበት እዚያው ይታረማል። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ቢያመጣ ነውር ነው። የድሮውን ማሞገስ ፈሊጥ ሆኗልና እጠነቀቃለሁ፤ ቅኔ ቤት አፈር አይመረምርም፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀርም ለሴቶች በሩን አልከፈተም። ነገር ግን አዲስ ነገር እንዲፈጥር የሚጠየቅ ተማሪ በየዕለቱ የሚሰማውና የሚያርመው ሰው እንደሚያስፈልገው ያውቅበታል። የድኅረ ምረቃ ተማሪም አዲስ ነገር እንዲያመጣ ይጠየቃል፤ አራሚውን የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ በፊርማው ቀን ነው።

በመምህራኑ ላይ ብቻ መፍረድ አልሻም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ከመቶ 70 እጅ የሚሆነው አዲስ ገቢ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ሲወሰን፣ አስተማሪና አማካሪ በዚያው ልክ አልበዛም። አንድ መምህር ቀን በመደበኛው፣ ማታና በሰንበት በተከታታዩ ክፍል ሲያስተምር ውሎ የስንቱን ጽሑፍ ሊያነብ ይችላል? ተማሪውም ንጹሕ አይደለም። ጽሑፉን በገንዘብ አስጽፎ የሚያቀርብ አለ፤ ይህን የሚደፍረውም እንደማይነበብ ስለሚያውቅ ነው።

ያልተነበበ ጽሑፍ ለአገርም አይደርስም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ መንገድ ስንት ጊዜ እንደ ተንሸራተተ በአውቶቡስ የተሻገረ ሁሉ ያውቃል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ ተመርቋል፤ በግራና በቀኝ ያለው ተዳፋት ግን ዛሬም ጥናት ይሻል። አንድ የማውቀው ተማሪ ይህን ሊያጠና ተነሥቶ፣ ለናሙና መቈፈሪያ ገንዘብ ሲያጣ በሌላ አገር ተዳፋት መረጃ ላይ ስሌት ሠርቶ ተመረቀ። ሥራው ስሕተት የለበትም፤ ደጀን ላይ ግን አይጠቅምም። በየመሥሪያ ቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቈለፈው የቍፋሮ መዝገብ ግማሹ እንኳ በእጁ ቢገባ ኖሮ ሌላ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ፈቃደኛ የሆነ አባል በዓመት የአንድ ተማሪን ረቂቅ፣ ፈታኞች ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ቍጥር በቍጥር እንዲያነብ ነው። ሁለተኛው፣ የአፈር ፍተሻ ውጤቶቻችንን አለቆቻችን እስከ ፈቀዱልን ድረስ በአንድ ቦታ እንድናኖር ነው። እኔ የ2008ቱን ሠንጠረዥ አርሜ፣ ስሕተቱ የት እንደ ነበር በግርጌው ጽፌ፣ ሦስት ቅጂ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቤአለሁ።