የነዳፊ መሐንዲስ ጓዝ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ነዳፊ መሐንዲስ መሣሪያ በተነሣ ቁጥር ወሬው ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ አዲሱና ወደ ውዱ ነው። የትኛው ኮምፒዩተር ይፈጥናል፣ የትኛው ፕሮግራም ሥዕሉን አሳምሮ ያሳያል እየተባለ ብዙ ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሥራውና የሥራው ቦታ ሳይነሣ መልስ አይገኝለትም። ስለዚህ ይህ ንግግር አንድ ቦታና አንድ ሥራ ይዞ ይነሣል። ቦታው ጌዴኦ ነው፤ ሥራውም የምንጭን ውሃ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ኀይል ብቻ፣ ወደ መንደር ቦኖ የሚያወርድ የቧንቧ መስመር መንደፍ ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ ሰው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ወደ ደጋው ሲያቀና ዛፍ አይለየውም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ ጥላውን ይዘረጋል፤ ከሥሩ እንሰቱ ይቆማል፤ ከእንሰቱም ሥር ቡናው ይበቅላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በዚሁ ተደራራቢ እርሻና በጥንታውያን ትክል ድንጋዮቹ ምክንያት ነው። የጎብኚን ዓይን የሚያስደስተው ይኸው ጥላ ግን ለነዳፊው ከባድ የመለኪያ ችግር ይሆንበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ በቢሮ የተቀመጠ ነዳፊ የየትኛውንም ኮረብታ ከፍታ በነፃ ሊያገኝ ይችላል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንዲት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አብዛኛውን የዓለም የብስ በራዳር ለክታ መረጃው ለሁሉም ተለቋል። ይሁን እንጂ የዚያ ራዳር ሞገድ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ላይ ሲያርፍ እስከ መሬት ሳይደርስ ከቅጠሉና ከቅርንጫፉ ይመለሳል። በመሆኑም በጌዴኦ የሚነበበው ከፍታ አንዳንዴ የመሬቱ ሳይሆን የዛፉ ነው። መለኪያው ሲታቀድም ቢሆን የከፍታ ስሕተቱ በአብዛኛው ከ16 ሜትር እንዳይበልጥ ነበር የታሰበው፤ ለዓለም ካርታ ይህ ጥቂት ነው።

ለቧንቧ ግን ጥቂት አይደለም። ከምንጭ እስከ ቦኖ 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መስመር ይታሰብ። በኮምፒዩተሩ መሠረት ምንጩ ከቦኖው 40 ሜትር ከፍ ይላል። የውስጥ ስፋቱ 44 ሚሊ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ በሴኮንድ 1 ሊትር ውሃ ቢለቀቅ፣ በመንገዱ ላይ በፍትጊያ ብቻ 25 ሜትር ያህል ከፍታ ይጠፋል። በወረቀት ላይ 15 ሜትር ስለሚተርፍ ቦኖው በደንብ ይወርዳል። ምንጩ በዛፍ ጥላ ሥር በመሆኑ ከፍታው በ15 ሜትር ተጋንኖ ቢሆንስ? የተረፈው ሁሉ ያልቃል። ቧንቧው ተቀብሮ፣ ቦኖው ተገንብቶ፣ እናቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው በተሰለፉበት ዕለት ቦኖው በቂ ግፊት ያጣል። የፕሮግራሙ ስሌት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የተሰጠው ቁጥር ነው።

እንግዲህ በጌዴኦ የነዳፊው ዋና መሣሪያ ሌቭልና ስታፍ፣ ከተገኘም ቶታል ስቴሽን ነው። ከቡናው መካከል ዓይን ሩቅ ስለማያይ ልኬቱ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል፤ ከቦኖው ተነሥቶ ምንጩ ከደረሰ በኋላም ወደ ተነሡበት ነጥብ ለክቶ መመለስ ያስፈልጋል። የመነሻውና የመመለሻው ቁጥር ካልተገናኘ ስሕተቱ እዚያው ይታወቃል። አድካሚ ነው፤ ከአንድ ቀን በላይም ይፈጃል። ዳሩ ግን አንድ ቀን ጭቃ መርገጥ 2 ኪሎ ሜትር ቧንቧ መልሶ ከመቆፈር ይሻላል።

ጂፒኤስስ? ቦታ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ለከፍታ ግን አይታመንም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል። በሜዳ አገር ይህ የአጥር ክርክር ሊያስነሣ ይችል ይሆናል፤ በጌዴኦ ተዳፋት ላይ ግን ምንጩን ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ያደርገዋል።

የቀረው ጓዝ ቀላል ነው። በዝናብ የማይፈስ እርሳስ (ቀለም ይሟሟል)፣ በላስቲክ የተሸፈነ ደብተር፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩን የሚያቆይ ትርፍ ባትሪ፤ ይኸው ነው።

ወደ ፕሮግራሞቹ ስንመጣ፣ ለውሃው ስሌት የዩናይትድ ስቴትስ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ኢፓኔት፣ ለካርታውም ኪውጂአይኤስ ይበቃሉ። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ከተጫኑም በኋላ ኢንተርኔት ባይኖር ይሠራሉ። ይህ እንደ ቁጠባ ብቻ መታየት የለበትም። የዛሬው ነዳፊ ነገ ሲዛወር፣ ተተኪው የወረዳ ባለሙያ ፈቃድ ሳይገዛ ያንኑ ፋይል ከፍቶ አንድ ቦኖ መጨመር ይችላል።

ሥዕሉ በአብዛኛው የሚሠራው በአውቶካድ ነው፤ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ደግሞ ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በወጡት የአማርኛ መጻፊያዎች የተሠራ ሥዕል ያው መጻፊያ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ቃላቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። በአውቶካድ የራሱ የመስመር ፊደላት ሲጻፍም በአማርኛው ቦታ የጥያቄ ምልክት ይደረደራል። ብዙ ነዳፊዎች ከዚህ ጣጣ ለመሸሽ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ይህ ሊተች ይገባል። ምክንያቱም ሥዕሉን ከግንባታው በኋላ ለዓመታት የሚያነበው ቫልቭ የሚከፍተውና የሚዘጋው የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ እንጂ አማካሪ መሐንዲስ አይደለም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በዩኒኮድ ፊደል መጻፍና የመጨረሻውን ቅጂ ፊደሉ አብሮት በተቀበረ ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ነገር ይጨመር። በኤ-1 ወረቀት የተነደፈ ሥዕል ለቅለላ ሲባል ወደ ኤ-3 ሲታተም ርዝመቱ በግማሽ ያንሳል፤ 1:100 የተባለው 1:200 ይሆናል። በጽሑፍ የሰፈረው መጠን ግን እንደነበረ ይቀራል፤ ግንበኛውም ማስመሪያውን አስቀምጦ እጥፍ ይሳሳታል። ስለዚህ በሥዕሉ ግርጌ ከወረቀቱ ጋር አብሮ የሚያንስና የሚያድግ የሜትር መስመር ይሰመራል፤ የቫልቮቹም ቁጥር በአማርኛ ይጻፋል፤ አንዱም ቅጂ በላስቲክ ተለብጦ በቦኖው ጠባቂ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።