የስልክ ስምና የስልክ ችሎታ



ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በሁለት መንግሥታት የተከፈለች ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ባለው የሞያሌ አገር ዋልዳ የምትባል ቦታ አለች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የተሰደደ ብዙ ሕዝብ ተጠልሎባት ነበር። (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በእንዲህ ያለ ጠረፍ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ከወዴት ነህ?» ተብሎ ነው። መልሱ ግን ብዙ አያስረዳም፤ ቦረናው ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም አለና።

በዋልዳ ያለ አንድ ወጣት በአማርኛ የተጻፈ ትምህርት ለማንበብ ስልኩን ቢከፍት፣ ብራውዘሩ ገጹን ለሚያድለው ሰርቨር ጥያቄውን ሲያቀርብ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል አንድ መሥመር ጽሑፍ አብሮ ይልካል። ይህም መሥመር ዩዘር ኤጀንት ይባላል። በውስጡ የብራውዘሩ ስምና የእትሙ ቍጥር፣ አንዳንድ ጊዜም የስልኩ ዐይነት ይገኝበታል። አንዳንዱ የገጽ አዘጋጅ ይህን ብቻ አይቶ ለዚህ ትንሽ ገጽ፣ ለዚያ ትልቅ ገጽ ይሰጣል፤ ያላወቀውንም «ይህ ብራውዘር አይሆንም» ብሎ ከደጅ ይመልሳል። የዳታውን ገንዘብ የከፈለው ግን ተመላሹ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ግን ስም አውጪው ነጋዴ ነው። በ1994 የወጣው ኔትስኬፕ ራሱን ሞዚላ ብሎ ይጠራ ነበር። ኋላም በፍሬም የተከፋፈለ ገጽ ማሳየት ስለ ቻለ፣ የገጽ አዘጋጆች የተሻለውን ገጽ ሞዚላ ነኝ ላለ ብቻ ይሰጡ ጀመር። የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይህ እንዳይቀርበት እርሱም አስቀድሞ «ሞዚላ» ብሎ የገዛ ስሙን በቅንፍ አስከተለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የቀዳሚውን ስም እየደረበ መጣ፤ ዛሬ የክሮም መሥመር ሳፋሪ የሚለውን ቃል፣ የኤጅ መሥመር ደግሞ ክሮምንም ሳፋሪንም ይዟል። ሳፋሪ የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ መርማሪ ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ከ2019 ወዲህ በአይፓድ ላይ ያለው ሳፋሪ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በአብዛኛው ራሱን እንደ ማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ያስታውቃል። ክሮምም ከ2023 ወዲህ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስልኩ የትኛውም ቢሆን «አንድሮይድ 10፤ ኬ» ይላል። ይህ የመጨረሻው እንኳ ማታለል አይባልም፤ የስልኩ ዝርዝር ባለቤቱን ለይቶ ለመከታተል ያገለግል ስለ ነበረ የተደረገ ነው።

በ2005 የወጣው ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ሌላ ነው። ገጹን የሚያመጣው በሩቅ ያለ የኩባንያው ሰርቨር ነው፤ እርሱ ተቀብሎ፣ ጨምቆ ለስልኩ ያቀብላል። ስለዚህ ደጁን የሚያንኳኳው መልእክተኛው ሲሆን፣ የስልኩ ስም በሌላ መሥመር ተጽፎ ይመጣል።

ዳሩ ግን ስሙ እውነት ቢሆንስ? ለአማርኛ አንባቢ ዋናው ነገር ስልኩ የግዕዝን ፊደል ማሳየት መቻሉ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ዩዘር ኤጀንቱ አንድም ቃል አይናገርም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከገባ በኋላ የእያንዳንዱ ፊደል ቍጥር በዓለም ሁሉ አንድ ሆነ፤ የፊደሉ ቅርጽ በስልኩ ውስጥ ከሌለ ግን የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው። መምህር አዲስ ተማሪ ሲመጣበት የመጣበትን ትምህርት ቤት ስም ሰምቶ ብቻ ክፍል አይመድብለትም፤ ያስነብበዋል እንጂ። ገጽም እንዲሁ ችሎታን ሊጠይቅ ይችላል። የስክሪኑን ስፋት ብራውዘሩ ራሱ ለክቶ ገጹን በዚያው ልክ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይቻላል። ፊደሉ ከሌለም ከገጹ ጋራ ይላካል፤ ያውም እንዳይከብድ ትምህርቱ የሚጠቀምባቸው ፊደላት ብቻ ተመርጠው። ኦፔራ ሚኒ በብርቱ በሚጨምቅበት ጊዜ የተላከለትን ፊደል አይቀበልም፤ ለእንዲህ ያለው ስልክ የሚቀረው መንገድ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ መስጠት ነው። ሥዕሉም ከጽሑፉ ይልቅ ይከብዳል፤ ተማሪው አንድ ቃል ፈልጎ ሊያገኝበትም አይችልም።