ነጻ ኢንተርኔት ለሠፈራችን፤ እንዴት እንገናኝ?

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በማኅበራችን አዳራሽ ሊገባ ስለታሰበው ነጻ ኢንተርኔትና ስለ አጠቃቀሙ ነው። ነገሩ የወጣቶች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ኢንተርኔት ምን ያደርግልኛል?» ያሉኝ እናት አሉ። ልጃቸው ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እናት ግን በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የልጃቸውን ፊት እያዩ የሚነጋገሩት በዚሁ በኢንተርኔት ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የተማሪዎቻችን ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ውጤቱም የሚታየው በኢንተርኔት ነው። ታዲያ እቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅና የኪቦርዱን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን የሚፈላልግ ልጅ እኩል ተፈተኑ ይባላል ወይ? ሁለቱም የአንድ ሠፈር ልጆች ናቸው እኮ!

ኢንተርኔት ለከተማችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ ይባል የነበረው ክፍል የብዙ ሰዎችን የኢሜይል መልእክት እያጠራቀመ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። ሙሉው ኢንተርኔት ለአገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከጅምሩም አንዱ መስመር የብዙ ሰው ነበር ማለት ነው። እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው።

አሁን ያለ ብዙ ወጪ ለመገናኘት ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ወደ ሕዝብ አገልግሎት ቦታዎች መሄድ ነው። ለምሳሌ በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ የሚሆኑ ኮምፒዩተሮች አሉት። ጥሩ ነው፤ ሆኖም ከመካኒሳ አቦ ተነስቶ ታክሲ እየቀያየረ በየቀኑ 4 ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ሆትስፖት የሚባለው ነው። ጥቅል የገዛ ሰው በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖቱን ይከፍትና አጠገቡ ላለው ያካፍላል። ለቸገረ ጊዜ ይጠቅማል። ግን የአንዱ ሰው ጥቅል ቶሎ ያልቃል፣ የስልኩም ባትሪ ይደክማል። የጎረቤት ደግነት ላይ ብቻ የቆመ አገልግሎት ደግሞ ብዙ አይዘልቅም።

ሦስተኛውና የሥራ አመራሩ ያቀረበው ሐሳብ አንድ ቋሚ መስመር በአዳራሹ አስገብቶ በዋይፋይ ማዳረስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ነጻ ማለት ማንም አይከፍልም ማለት አይደለም። የእድራችን ድንኳንም ለሐዘንተኛው በነጻ ይተከላል፤ የተገዛው ግን በሁላችን መዋጮ ነው። ድንኳኑን አንድ ሰው ለብቻው ይግዛ ቢባል ስንቶቻችን እንችል ነበር? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

መስመሩ ሲገባ አገናኙ እንዲህ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ አዳራሹ ትመጣላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ዋይፋይ የሚለውን ትከፍታላችሁ። ከሚዘረዘሩት ስሞች መካከል በአዳራሹ በር ላይ የሚለጠፈውን የማኅበራችንን ስም ትነካላችሁ፤ ከዚያም ከተረኛው የምትቀበሉትን የይለፍ ቃል ትጽፋላችሁ። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ስለሚለያይ እንደተጻፈው ይጻፍ። ሁለት ተመሳሳይ ስም ቢታይና አንደኛው መጨረሻው ላይ 5 ቁጥር ቢኖረው፣ ባለ 5ቱ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ነው፤ ግን ርቀት አይወድም። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ይምረጥ። ሞገዱ ግድግዳ ሲያገኝ ይደክማል፤ ቆርቆሮ ሲያገኝማ ይመለሳል። ስለዚህ «እኔ ቤት አልደረሰም» ብሎ ማንም ቅር እንዳይለው፤ አገልግሎቱ ለአዳራሹና ለግቢው ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ አነስተኛ ባትሪ ቢገዛለት መልካም ነው።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። መስመራችን በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ቢሆንና 20 ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠቀም ለእያንዳንዱ 1 ሜጋቢት ይደርሰዋል። በዚህ ፍጥነት 10 ሜጋባይት የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ በ80 ሴኮንድ ይወርዳል፤ በጣም በቂ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው 1,000 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ላውርድ ቢልና መስመሩን ሁሉ ቢይዘው ሌሎቹ 19 ሰዎች ለ7 ደቂቃ ያህል ቆመው ይጠብቃሉ። ድሮ በቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ በርሜል ይዞ የሚመጣን ሰው ታስታውሱታላችሁ አይደል? ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ያሉት ሰዓቶች ለተማሪዎች ይሁኑ፤ ፊልም ማውረድ ይከልከል።

«ልጆቻችን ይበላሻሉ» የሚል ሥጋትም ተነስቷል። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጆቹ አሁንም በየጥጋጥጉ በስልክ እያዩት ነው። ታላላቆች ተራ ገብተው በሚቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ቢያዩት ይሻላል እንጂ አይከፋም።

ጥንቃቄን በተመለከተ፦ በማታውቁት ክፍት ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ የባንክም ሆነ የቴሌብር ሥራ አትሥሩ። አጭበርባሪ የማኅበራችንን ስም የሚመስል ስም ሊያወጣ ስለሚችል የተለጠፈውን ስም አስተያዩ። የይለፍ ቃል የሚሰጣችሁ ተረኛ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን በፍጹም አይጠይቅም። የጠየቀ ካለ ለአመራሩ አስታውቁ። በአዳራሹ ኮምፒዩተር የተጠቀመ ሰውም አካውንቱን ዘግቶ ይነሣ።

ሕጉንም አንርሳ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ የሚሰጥ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። በመሆኑም መስመሩን በሰዓት እየቆጠርን አንቸረችርም። ከመጀመራችን በፊትም ለአባላት ማካፈል እንደምንፈልግ ለአቅራቢው ድርጅት በጽሑፍ አስታውቀን መልሱን በጽሑፍ እንቀበላለን። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በአዲስ አበባ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሳፋሪኮም ዋጋቸው ተጠይቆ ይወዳደር።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ፣ ማንኮሲ በምትባል የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎቹ ዜንዜሌኒ የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ መሣሪያዎችን በየቤታቸው ተክለው የራሳቸውን መረብ ዘርግተዋል። የስሙ ትርጉም በቋንቋቸው «ራሳችሁ ሥሩት» ማለት ነው። መብራት በቅጡ ያልደረሳቸው የገጠር ሰዎች ከቻሉ ለእኛ ምን ይከብዳል?

እንግዲህ ስብሰባው ሦስት ነገር እንዲወስን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ወርኃዊ መዋጮው ይጽደቅ፤ አቅም የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ስሙ ሳይነሣ ይታለፍ። ሁለተኛ፣ ከወጣቶችና ከታላላቆች የተውጣጣ የተረኞች ኮሚቴ ይመረጥ። ሦስተኛ፣ እቤታችሁ የተቀመጠ የሚሠራ አሮጌ ኮምፒዩተር ካለ ለአዳራሹ ይለገስ፤ ለመለማመጃ አሮጌውም ይበቃል። የሚቀጥለው ፈተና ሲደርስ ከሠፈራችን አንድም ልጅ ኪቦርድ ሳይነካ ወደ ፈተና አይግባ።