ጓሳን ያቆየው ምንድን ነው?



መሐንዲስ መሬትን ከጥፋት ለማዳን ሲነሣ እርከን ይነድፋል፣ የአጥሩን ወጪ ያሰላል፣ የዘበኛውን ደመወዝ ይተምናል። በመንዝ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው ጓሳ ግን ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ፣ ያለ አጥርና ያለ ደመወዝተኛ ዘበኛ ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ ኖሯል።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ምድሩን ተካፈሉ። ተወላጆቻቸውም ቀሮ በተባለው ሥርዓት አስተዳደሩት። በጋራ የሚመርጡት አለቃ፣ አፈሮ ወይም አባ ቀራ፣ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ያስከብረዋል፤ የሚከፈትበትንም ቀን ያውጃል። ጥበቃው የአባወራው ሁሉ ግዴታ ነበር፤ ቅጣቱም የእንቢተኛውን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደነበረ ይነገራል።

ሆኖም በዚያ ሰፊ ምድር፣ በጉምና በጨለማ፣ አንድ ሸክም ሣር የሚያጭደውን ሁሉ የሚያይ ዓይን ከየት ይመጣል? ቅጣት የሚይዘው የተያዘውን ነው። ያልታየውን የሚገታው «የአስቦ ልጅ ይህን አደረገ» መባልን መፍራት ነው። ኤልየት ስሚዝ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳስረዳው፣ ሰው ራሱን የአንድ ወገን አባል አድርጎ ሲያይ የወገኑ ክብርም ውርደትም የራሱ ስሜት ይሆናል።

ይህ ክብር ግን ለሁሉም አልነበረም። መብቱ በትውልድ የሚወረስ ስለነበረ፣ ከአቅኚዎቹ ያልተወለደ ጎረቤት ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ይህን አድልዎ አስወገደ፤ ከእርሱም ጋር ቀሮ ፈረሰ። ያን ጊዜ ጓሳ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም የሆነው ደግሞ የማንም መሰለ። ሣሩ ያለ ገደብ ይታጨድ፣ ዳርቻውም ይታረስ ጀመር።

መፍትሔው የመጣው ከዚያው ከሕዝቡ ነው። የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች በእድር ተደራጅተው ጥበቃውን እንደገና አቆሙ። «የእኛ» የሚለው ቃል ከዘር ቆጠራ ወጥቶ በጉርብትና ላይ ቆመ፤ ቀድሞ ተመልካች የነበረውም ጠባቂ ለመሆን በቃ።

እንግዲህ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ክልል ሲታጠርና እርከን ሲሠራ ከልኬቱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ይህ ሥራ ሲፈርስ የሚያፍረው ማን ነው? መልሱ «መሥሪያ ቤቱ» ብቻ ከሆነ፣ ሥራው ገና ከመሠረቱ አልጸናም።