ስሙም የኛ፣ መንገዱም የኛ
(ለወላይታ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ መናኸሪያና ስለ ፌርማታ ነው የማወራችሁ። «ይሄ ደግሞ ምን ፖለቲካ አለው?» እንዳትሉኝ። አለው። መንገድ በተሠራ፣ አደባባይ በተመረቀ ቁጥር ክርክራችን አንድ ነው፦ በማን ስም ይጠራ? ካዎ ጦና ይባል፣ ዳሞታ ይባል፣ ጊፋታ ይባል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን ግማሽ ክርክር ነው።

ስም ቀላል ነገር ነው የሚላችሁ ካለ 1992 ዓ.ም.ን አስታውሱት። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከየስማቸው መጀመሪያ ተቆርጦ «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሰፋላቸው። በዚያ ስም መጽሐፍ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። የሶዶ ሕዝብ እምቢ አለ። ተማሪው ወጣ፣ መምህሩ ወጣ። ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። መጽሐፉ ግን ተነሳ፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ወጥታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። ዛሬ በዞናችን ስም የምንጠራው እነዚያ ሰዎች ስለከፈሉ ነው።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2011 ዓ.ም. የዞናችን ምክር ቤት ክልል እንሁን ብሎ ወሰነ። በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የጥሩ ተሰርዞ በዞናችን ሰኔ 12 እንደገና ድምፅ ሰጠን። ከዚያ ስድስት ዞንና አምስት ልዩ ወረዳ አንድ ክልል ሆኑ። ስሙስ? «ደቡብ ኢትዮጵያ»። የአቅጣጫ ስም! ስለዚህ ወጣቱ «ቢያንስ አደባባዩ በስማችን ይጠራ» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ ልምጣ። አዲስ አበባን እዩ። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ። የጣቢያዎቹን ስም አስተውላችኋል? ጎጃም በረንዳ፣ አትክልት ተራ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ላንቻ፣ ሃያ ሁለት። አብዛኛው ሕዝቡ ራሱ ያወጣው የሰፈር ስም ነው። የሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ምኒልክ አደባባይ ነው። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ምን እንደሆነ ለምናውቅ፣ ካዎ ጦናን ያጣን ልጆች፣ ያ ስም ምን እንደሚሰማን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ግን ባቡሩ ራሱ ምን ሆነ? 41 ባቡር መጥቶ ነበር፤ በመለዋወጫ እጦት አብዛኛው ቆመ። ሐዲዱ በአጥር ታጥሮ መንገዱን ለሁለት ስለከፈለው፣ ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ረጅም ዙሪያ የሚዞር ሰው አለ። ስሙ ትክክል ነው፤ ስም ግን ባቡር አይጎትትም።

ወደ ሶዶ እንመለስ። ከተማችን የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ናት። ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከዳውሮ፣ ከጎፋ የሚመጣው መንገድ እዚህ ይገናኛል። ኮሪደር ልማቱም ደርሷል። መንገድ ሲሰፋ ባጃጁ የት ይቁም? ከሁምቦ ሙዝ ተሸክማ የመጣች እናት ሚኒባሱ ከገበያው ርቆ ቢያወርዳት ለባጃጅ ስንት ትጨምራለች? ወደ ኦቶና ሆስፒታል የሚሄድ ታማሚ ስንት ጊዜ ይሳፈር? ሱቁ የተነሳበት ሰው የት ሄደ? መናኸሪያውን «ካዎ ጦና» ብለን እነዚህን ሳንጠይቅ ከቀረን፣ ጀግናችንን ታፔላ አደረግነው ማለት ነው።

መጠየቅ ደግሞ ልመና አይደለም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ይላል። እንግዲህ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ፊት ይለጠፍ፤ በወላይትኛም ይገለጽ። ስም ሲወጣም ኮሚቴ ቢሮ ዘግቶ አይወስን፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቦታው ድሮ ማን ይባል እንደነበር ይጠየቁ።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ይህ መናኸሪያ የጋሞው፣ የጎፋው፣ የጌዴኦው፣ የኮንሶውም መግቢያ ነው። ስማቸው በወጋጎዳ ሲቆራረጥ ከእኛ ጋር ጋሞውም፣ ጎፋውም፣ ዳውሮውም ነበሩ። ስም ሲነጠቅ እንዴት እንደሚያም የምናውቅ እኛ፣ በራሳችን ከተማ የሌላውን ስም የምናንቋሽሽ ከሆነ ያ ሁሉ መስዋዕትነት ምን አስተማረን? የራሱን የሚያከብር የሰውንም ያከብራል።

አሁን ሥራ። ስንቶቻችን ነን ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥነው? ሲቪል የተማረ አለ፣ ስታቲስቲክስ የተማረ አለ፣ ታሪክ የተማረ አለ። ደብተርና እስክሪብቶ በቂ ነው። አንድ ሳምንት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት በየማዞሪያው እንቁም። ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት እግረኛ እንደሚያልፍ እንቁጠር። ሰው የት ውረድ እንደሚል፣ ቦታውን ማን ብሎ እንደሚጠራው እንጻፍ። የታሪክ ልጆች ሽማግሌዎቹ ጋ ይሂዱ። ከዚያ ጽፈን ለከተማው ምክር ቤት በእጃችን እናስገባ፤ ማኅተም አስመትተን ቅጂውን እንያዝ። ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ስድብ ነገ ይረሳል፤ የተቆጠረ ቁጥር ግን መልስ ይፈልጋል።

የ1992ቱ ትውልድ ስማችንን አስመለሰ። የኛ ድርሻ ስሙ የተጻፈበት መንገድ ሕዝባችንን የሚያገለግል እንዲሆን ማድረግ ነው። ሁለቱንም እንፈልጋለን፤ ስሙንም፣ መንገዱንም።

ለመቁጠር የምትመጡ ከታች ሰፈራችሁን ጻፉ።