ከውዳቂ ዕቃ ስለሚሠራ የላባ ዝንብ ማሠሪያ



ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚኖረው በቀዝቃዛና በጠራ ወንዝ ነው፤ ከሚመገባቸውም ነገሮች ዋነኞቹ ነፍሳት ናቸው። አጥማጁ ይህን ጠባዩን ዐውቆ በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ጠጉርና ክር እየጠመጠመ ነፍሳት የሚመስል ማታለያ ይሠራል፤ እኛም የላባ ዝንብ እንበለው። ሙያው በእንግሊዝና በአሜሪካ የቆየ ነው። በእኛም አገር ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ስለ ተለቀቀ ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሙያውን የሚመኝ ወጣት የመሣሪያውን ዋጋ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ሳይጀምረው ይተወዋል። ይህም ያለ በቂ ምክንያት ነው።

መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚያገለግሉት በተለይ ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም መንጠቆው እንዳይነቃነቅና ክሩ እንዳይላላ። የቀረው ምቾት ነው። ኤልያኖስ የተባለው ጸሐፊ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመቄዶንያ አጥማጆች ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ ያስሩ እንደ ነበር ጽፏል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 የሞተው አሜሪካዊው ሊ ዉልፍም መንጠቆውን በጣቶቹ ብቻ ይዞ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ጣት ለሁላችን አልተሰጠንምና ሞርሳ ያስፈልገናል።

ለሞርሳው የሚሻለው ከተሰበረ የእጅ መሰርሰሪያ የተፈታ አፍ ነው። መሰርሰሪያው ቢያረጅም፣ ሲያጠብቁት የሚጨብጠው አፉ ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል። በጀርባው ልኩ የሆነ ቡሎን አስገብቶ፣ ቡሎኑን በወፍራም ጣውላ አሳልፎ ከበታች በዳዶ ማጥበቅ ነው። ከዚያም የመንጠቆውን ቆልማማ ክፍል አስነክሳችሁ ወዲያ ማዶ ያለውን ጫፉን በጣት ተጫኑት፤ ተለምጦ ከተመለሰ መልካም ነው፤ ከተንሸራተተ ግን ተፈናጥሮ ዐይን ሊጎዳ ይችላልና ሳይጠብቅ አትሥሩበት፤ በማናቸውም ጊዜ መነጽር አድርጉ።

ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው የክር መያዣው ነው። ይህ መሣሪያ የስፌት ክር ጥቅሉን በሁለት ክንዶቹ ጨብጦ ክሩን በቀጭን ቧንቧ ያወጣል። ክንዶቹ ከብስክሌት መንኰራኵር ሽቦ ይታጠፋሉ፤ ለቧንቧው ደግሞ የተሰበረ የሬዲዮ አንቴና ይበቃል። አንቴና እርስ በርሱ የሚገባ የብዙ ቧንቧ ስብስብ ስለሆነ፣ ለክር የሚስማማውን መርጦ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መቍረጥና ከክንዶቹ ጋር መበየድ ነው። ነገር ግን በሴጌቶ የተቈረጠ የቧንቧ አፍ ለዐይን ለስላሳ ቢመስልም ለክር ምላጭ ነው። ሥራው ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ክሩ ብጥስ ይላል፤ የተጠመጠመውም ይፈታል። ጀማሪው ክሩን ይረግማል፤ ወፍራም ክርም ይገዛል፤ ጥፋቱ ግን የቧንቧው ነው። ስለዚህ አፉን ከውጭም ከውስጥም በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይገባል። ጥቂት ጥጥ በአፉ ላይ ስታሹ ቧንቧው ጭረት ጥጡን ከያዘባችሁ ገና ነው። ቀዳዳዋ የለሰለሰ ትንሽ የብርጭቆ ዶቃ በአፉ ላይ ቢያጣብቁ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የክንዶቹም ጥብቀት መያዣው በክሩ ተንጠልጥሎ ሳይወርድ እንዲቆም፣ በእጅ ሲሳብ ግን ክር እንዲለቅ ሆኖ ይስተካከል።

የቀረው ቀላል ነው። በቡሽ ላይ የተሰካ መርፌ ለቋጠሮና ለማጣበቂያ ይሆናል፤ ላባ ለመያዝም አፉ ላስቲክ የለበሰ ትንሽ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። መቀስን ግን ከውዳቂ አትፈልጉ፤ ገንዘብ ካላችሁ ለእርሱ አውጡት።

ለማሠሪያውም ዕቃ እንዲሁ ነው። የእንግሊዙ ወንዝ ጠባቂ ፍራንክ ሶየር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 መጽሐፉን ያሳተመው፣ በክር ፈንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጥም ነበር፤ ሽቦው ማሠሪያም ክብደትም ሆነለት። እንዲህ ያለ ሽቦ በተቃጠለ ትንሽ ሞተር ውስጥ ሞልቷል። ሌላው ዝነኛ ማታለያው የተሠራው ለካልሲ መጠገኛ ከሚሸጥ ሱፍ ነበር፤ ያ ሱፍ መመረቱ ሲቀር አጥማጆች ትራፊውን በውድ ዋጋ ይገዙት ጀመር!

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው። በበዓል ዋዜማ የሚጣል ስለሆነ የቤቲቱን እመቤት አስቀድሞ መለመን ነው፤ የፈላው ውኃ ከመፍሰሱ በፊት በደረቁ ተነቅሎ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ አንዴ በፈላ ውኃ የተነከረ ላባ ይጨማደዳልና።