ስልካችሁን ራሳችሁ አንብቡ
ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ይህ ንግግር በሬዲዮ የተላለፈ ነው። አሁን ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። በጆሯችሁ የሰማችሁትን ዛሬ በዓይናችሁ ታነቡታላችሁ። አትቸኩሉ። ያስቸገራችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበት፤ በኋላም አስተማሪያችሁን ጠይቁ።

እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሱቅና ስለ ስልክ ነው። ሐረር ውስጥ ሱቅ ያላችሁ፣ ጉሊት የምትቸረችሩ፣ ልብስ የምትሰፉ፣ ቡና ቆልታችሁ የምትሸጡ፣ መሶብና ሌማት የምትሰፉ ሁሉ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል።

አዲሱ ገበያ

ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ገበያተኛ በነዚህ በሮች ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደውን መንገድም ታውቁታላችሁ። መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ናቸው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ጨርቁን ያያል፤ በእጁ ይዳስሳል፤ ዋጋ ይጠይቃል፤ ይከራከራል።

ይህ ገበያ ዛሬም አለ። ነገር ግን ሌላ ገበያ ተጨምሯል። የሚገኘውም በስልክ ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሐረር ልጅ ዛሬ በአዲስ አበባ ይኖራል፤ በቶሮንቶም ይኖራል። ልጁን ሲድር በሐረር ስፌት ቤቱን ማስጌጥ ይፈልጋል። ታዲያ ስፌቱን ለመምረጥ ከቶሮንቶ ተነሥቶ ጊድር መጋላ ይመጣል? አይመጣም። በስልኩ ላይ ፎቶውን አይቶ ይመርጣል። ፎቶውን ያወጣው ነጋዴ ይሸጣል። ያላወጣው ደግሞ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ወይም ሌላ ሰው በርካሽ ገዝቶት፣ ፎቶውን አንሥቶ በእጥፍ ይሸጠዋል።

ለዚህ ሥራ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ቴሌግራም ነው። በቴሌግራም ላይ ቻናልና ግሩፕ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ልዩነታቸውን እወቁ። ግሩፕ እንደ ቡና ማኅበር ነው፤ የገባ ሁሉ ይናገራል። ቻናል ግን የናንተ ሱቅ ነው፤ ዕቃ የምትደረድሩት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ሌላው ያያል። ለጀማሪ ነጋዴ የሚሻለው ቻናል ነው።

ሁለተኛው ፌስቡክ ነው። በእርሱም ላይ ለሱቃችሁ ገጽ መክፈት ይቻላል። ሦስተኛው ቲክቶክ ነው። ይህ በአጭር ተንቀሳቃሽ ምስል የሚሠራ ነው። ምስል ግን ከፎቶ ይልቅ የኢንተርኔት ጥቅል ይበላል። ስለዚህ በፎቶ ጀምሩ።

ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

ፎቶ ስታነሡ ዕቃውን ወደ በር አውጡት። የቀን ብርሃን ከአምፑል ይሻላል። ከኋላው ንጹሕ ግድግዳ ይሁን። ጎድሎ ወይም ተበልሶ ያለ ነገር ካለ አትደብቁት። ገዢ ዕቃው ሲደርሰው ያየዋልና።

አሁን ሁለት ማስታወቂያዎች እናንብብ።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ምርጥ መሶብ ገብቷል። ፍጠኑ! ለዋጋ በውስጥ ያናግሩን።»

ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «የሐረር መሶብ። በእጅ የተሰፋ። ቁመቱ ሦስት ስንዝር። ዋጋው 2500 ብር። ሱቃችን ጀጎል፣ ሸዋ በር አጠገብ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ስልክ ቁጥራችን ከታች አለ።»

የትኛውን ታምናላችሁ? ሁለተኛውን አይደለም? የመጀመሪያው ዋጋውን ደብቋል። ዋጋ የደበቀ ነጋዴ ሰው አይቶ ዋጋ የሚጨምር ይመስላል። ሁለተኛው ግን አምስት ነገሮችን ተናግሯል። ምን እንደሆነ፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ቦታውንና የሚከፈትበትን ቀን ነግሮናል። እነዚህን አምስት ነገሮች በደብተራችሁ ጻፏቸው። (የጻፍኩት ዋጋ ለምሳሌ ያህል ነው።)

ቋንቋም አስቡ። በሐረር ገበያ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ይነገራል። ደንበኛችሁ በምን ቋንቋ እንደሚከራከራችሁ ታውቃላችሁ። በዚያው ቋንቋ ጻፉለት። ቃሉ ጥቂት ቢሆንም ግድ የለም።

ገንዘብ ደረሰ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ በደንብ አንብቡ። የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነው።

በስልክ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡንም በስልክ ይቀበላል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ደግሞ ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀመረ። ባንኮችም በስልክ ያስተላልፋሉ። ይህ መልካም ነገር ነው። ብር ይዞ መሄድም፣ መልስ ፍለጋ ጎረቤት መሮጥም ቀንሷል።

ነገር ግን አታላይም አብሮ ተምሯል።

አንዲት እናት እንበል። ስንት ሳምንት የለፉበትን ስፌት ለሽያጭ አቅርበዋል። አንድ ጎረምሳ ይመጣል። «እማማ፣ ልኬልዎታለሁ፤ ይኸው» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳያቸዋል። በስልኩ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ቁጥርም አለ። እሳቸው ማንበብ ይከብዳቸዋል። ጎረምሳው ራሱ ያነብላቸዋል። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ ተልኳል ይላል» ይላቸዋል። ይመርቁትና ዕቃውን ይሰጡታል። ማታ የልጅ ልጃቸው ሂሳቡን ሲያይ ግን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር አልገባም።

ምን ሆነ? ጎረምሳው ያሳያቸው የቆየ መልእክት ሊሆን ይችላል። ወይም ራሱ የጻፈው ነው። ወይም 250 ልኮ 2500 ብሎ አንብቦላቸዋል። አንዲት ዜሮ የስንት ሳምንት ድካም ይዛ ሄደች ማለት ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ በሌላ ሰው ስልክ ላይ የታየ ገንዘብ የናንተ ገንዘብ አይደለም። የናንተ የሚሆነው በራሳችሁ ሂሳብ ላይ ሲታይ ነው።

ዕቃውን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አድርጉ።

1. የራሳችሁን ስልክ ክፈቱ። የገዢውን ስልክ አትዩ።

2. መጠኑን አሃዝ በአሃዝ አንብቡ። ዜሮዎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ።

3. ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። የጽሑፍ መልእክት አስመስሎ መላክ ይቻላል፤ ሂሳብ ግን አይዋሽም። በቴሌብር ከሆነ ኮከብ 127 መሰላል (*127#) ብላችሁ ደውሉና የሚመጣላችሁን ዝርዝር አንብቡ። ይህ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ገዢው «ቸኩያለሁ፤ መኪናዬ ሊሄድ ነው» ቢላችሁስ? ይጠብቅ። እውነተኛ ገዢ አንድ ደቂቃ ይታገሣል። የሚያጣድፋችሁ ሰው እንድታነቡ ያልፈለገ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። የማታውቁት ሰው ደውሎ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» ይላል። ልባችሁ ይራራል። ግን መጀመሪያ ሂሳባችሁን እዩ። ያልመጣ ብር አይመለስም።

የምስጢር ቁጥር ፊርማ ነው

በድሮ ጊዜ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ውል ሲዋዋል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። ወረቀቱን የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው። አንባቢው እውነተኛ ከሆነ ይተርፋል። ካልሆነ ግን ያልተስማማበትን ነገር አትሞ ይመለሳል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፈተ። በየቀበሌውና በየገበሬው መንደር ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ። በአውራ ጣታቸው ፋንታ ስማቸውን ጽፈው መፈረም የቻሉ አባቶችና እናቶች ብዙ ነበሩ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ሰው በፊርማው የሚኮራው ለምንድን ነው? ፊርማ «አንብቤዋለሁ፤ ተስማምቻለሁ» ማለት ስለሆነ ነው።

ዛሬ በስልክ ላይ ፊርማችሁ የምስጢር ቁጥራችሁ ነው። ፒን ይሉታል። ፒናችሁን የነካ ሰው ስለ እናንተ ይፈርማል። ስለዚህ ለማንም አትስጡ። ለወኪል አትስጡ። ለደንበኛ አትስጡ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ሰውም አትስጡ። ሸልመንዎታል የሚል ሰው ቁጥር ከጠየቃችሁ ስልኩን ዝጉት።

ቴሌግራምም የራሱ ቁልፍ አለው። ቴሌግራማችሁን በሌላ ስልክ ላይ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ሲኖር የመግቢያ ቁጥር ወደ እናንተ ይላካል። አታላዩ ወዲያው ይጽፍላችኋል። «ቁጥር በስህተት ወደ እርስዎ መጥቷል፤ ይንገሩኝ» ይላል። ከነገራችሁት ቻናላችሁን ይወስደዋል። ከዚያም በስማችሁ ከደንበኞቻችሁ ገንዘብ ይለምናል። ይህን ለመከላከል በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባል አለ። እርሱን ክፈቱ። ያን ጊዜ አታላዩ ቁጥሩን ቢያገኝ እንኳ ሌላ የይለፍ ቃል ይጠየቃል።

«እኔ አርጅቻለሁ፤ የልጅ ልጄ ያውቅልኛል» የምትሉ አላችሁ። ልጆች ይህን ነገር ፈጥነው ይይዛሉ፤ እውነት ነው። ልጁ ያስተምራችሁ። ግን ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ያሳያችሁ እንጂ ስልኩን ነጥቆ አይሥራላችሁ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሱቁን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ስልካችሁን ሁልጊዜ በሰው ዓይን የምታነቡ ከሆነ ወደ አውራ ጣት ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ደብተሩን አትጣሉት

አዲስ ነገር ሲመጣ አሮጌው ሁሉ አይጣልም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። በእነዚህ ጊዜያት ሙሉ ሱቁ ስልኩ ውስጥ የነበረ ሰው ምን አደረገ? የደንበኞቹን ቁጥር በደብተር የጻፈ ሰው ደውሎ አገኛቸው። ያልጻፈ ግን ደንበኛው ጠፋበት።

ስልክም ይሰረቃል፤ ይሰበራል፤ ውኃ ይገባበታል። ስለዚህ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የደንበኛውን ስም፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የገዛውን ዕቃ፣ የከፈለውንና የቀረበትን ጻፉ። ፒናችሁን ግን ደብተሩ ላይ አትጻፉ። እርሱ በልባችሁ ይቀመጥ።

ሐረር አፎቻ አላት። አፎቻ ሰው በደስታም በሐዘንም የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። በአፎቻ ውስጥ ሰው የሚታመነው በቃሉ ነው። በስልክ ገበያም እንዲሁ ነው። ያልታመነ ነጋዴ ወሬው ፈጥኖ ይዛመታል፤ የታመነም እንዲሁ። «ነገ እልካለሁ» ካላችሁ ነገ ላኩ። ካልቻላችሁ ዛሬውኑ ጽፋችሁ አሳውቁ።

የቤት ሥራ

እስከሚቀጥለው ትምህርት ድረስ ሁለት ነገሮችን ሥሩ።

አንደኛ፦ በሱቃችሁ ካለ ዕቃ አንዱን ምረጡ። ስለ እርሱ አምስት መስመር ማስታወቂያ በደብተራችሁ ጻፉ። አምስቱን ነገሮች አትርሱ።

ሁለተኛ፦ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡ። በመጨረሻ የደረሳችሁን የገንዘብ መልእክት ፈልጉ። ማንም ሳያግዛችሁ ማን እንደላከው፣ ስንት እንደላከ፣ መቼ እንደላከ አንብቡ። የመልእክቱ ቋንቋ ካልገባችሁ ቢያንስ ቁጥሮቹን ለዩ፤ የቴሌብርን ቋንቋ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ መቀየርም ይቻላል። የመጀመሪያው ቀን ላብ ያስወጣችሁ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ግን ቡና እየጠጣችሁ ታነቡታላችሁ።

የዛሬው ትምህርት እዚህ ላይ ያበቃል። ንባባችሁን ለጎረቤታችሁም አሰሙ። በደኅና ሰንብቱ።